የዒላማ ፍላጻ ሹል አመራረጥና አገጣጠም፦ ብረቱ ዒላማው ውስጥ እንዳይቀር

ፍላጻውን ከዒላማው ስትስቡ ባዶ ዘንግ እጃችሁ ላይ ቀርቶ ያውቃል? ብረቱ ፎሙ ውስጥ ተቀብሮ? አብዛኛው ሰው ወዲያው ሙጫውን ይረግማል። እኔም እረግም ነበር። ጥፋቱ ግን ብዙ ጊዜ የሚሠራው ሙጫው ገና ሳይከፈት ነው። ሹሉ ሳይለካ ተገዝቷል፣ ዘንጉ ሳይጸዳ ተለጥፏል፣ ወይ ደግሞ ውስጥ የነበረው አየር መውጫ አጥቷል። ስለዚህ እዚህ ከሙጫው ይልቅ በካሊፐር (የስፋት መለኪያ) እና በጥጥ ላይ ብዙ እቆያለሁ።

መጀመሪያ በቃላቱ እንስማማ። ደጋን የሚወጠረው፣ ፍላጻ የሚወነጨፈው ነው። ዘንግ የፍላጻው ቱቦ ነው። ሹል ከፊት የሚገባው ብረት ነው። ኖክ ከኋላ ገመዱን የሚነክሰው ትንሽ ፕላስቲክ ነው።

የሚያስፈልጋችሁ ዕቃ

ካሊፐር፣ እስከ 0.01 ግራም የሚያነብ ትንሽ ሚዛን፣ ሁለት ፒንሳ፣ አልኮል (ውሃው ያነሰ፣ 90 በመቶና ከዚያ በላይ)፣ ጫፉ ላይ ጥጥ የተጠቀለለበት እንጨት፣ ደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት፣ ሙጫ፣ የስፒሪት መብራት ወይም ላይተር፣ እስክሪብቶና ወረቀት። የዓይን መነጽር አድርጉ። ካርቦን የምትቆርጡ ወይም የምትፍቁ ከሆነ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ። የካርቦን ብናኝ ሳንባ ውስጥ መግባት የለበትም፤ ስንጥሩም ጣት ውስጥ ከገባ ለማውጣት መከራ ነው።

ደረጃ 1፦ ዘንጉን እወቁት

1. ዘንጉ ላይ የታተመውን የሞዴል ስምና ቁጥር ጻፉ። ከዚያ አምራቹ ለዚያ ሞዴል ያወጣውን የውስጥ ስፋት ፈልጉ። ቀዳዳውን በካሊፐር ለመለካት አትድከሙ። የካሊፐሩ የውስጥ መንጋጋ ጠባብ ክብ ውስጥ ሲገባ ከእውነተኛው አሳንሶ ያነባል። ካሊፐሩን ለሹሉ እግር (ዘንጉ ውስጥ ለሚገባው ክፍል) ተጠቀሙበት።

2. የተለመዱት የውስጥ ስፋቶች 3.2፣ 4.2፣ 5.2 እና 6.2 ሚሊሜትር ናቸው። በኢንች ሲጻፉ 4.2ቱ 0.166፣ 5.2ቱ 0.204 ይሆናሉ። ሰው የሚሸወደው 6.2 ላይ ነው። አንዱ አምራች 0.244፣ ሌላው 0.245፣ ሌላው 0.246 ይላል። በ0.244 እና በ0.246 መካከል ያለው ልዩነት 0.05 ሚሊሜትር ነው፤ የፀጉር ያህል። ያቺ ፀጉር ግን ለ0.246 የተሠራውን ሹል 0.244 ዘንግ ውስጥ አላስገባም ብላ ታስቆመዋለች። በመዶሻ አስገባዋለሁ ያለ ሰው ደግሞ ካርቦኑን ይሰነጥቀዋል። ተቃራኒው ሲሆን ሹሉ ይገባል፣ ግን ሙጫው ውስጥ ተንጋዶ ይደርቃል።

3. የውጭውን ስፋት በካሊፐር ለኩ። የሹሉ ራስ ከዘንጉ ጋር እኩል ወይም በጣም በትንሹ ሰፋ ያለ ይሁን። ጣታችሁን ከሹሉ ወደ ዘንጉ ስታንሸራትቱ ጥፍራችሁን የሚይዝ እርከን ካለ ችግር አለ። ሹሉ ከጠበበ የዘንጉ ጠርዝ ዒላማውን በራሱ እየመታ ይቦጫጨቃል። ከመጠን በላይ ከሰፋ ደግሞ ስትስቡ ፎሙ ወደ ኋላ ይዞ ያስቀረዋል።

4. ለውድድር ከሆነ ደንቡን አስታውሱ። በወርልድ አርቸሪ (የዓለም አቀፉ የደጋን ስፖርት ፌዴሬሽን) ደንብ የዘንግ ስፋት ከ9.3 ሚሊሜትር፣ የሹሉ ደግሞ ከ9.4 ሚሊሜትር ማለፍ የለበትም። ይህ የሚያሳስበው ቤት ውስጥ በወፋፍራም ዘንግ የሚወረውሩትን ነው።

ሹሉ እጃችሁ ሲገባ ያለ ሙጫ ሞክሩት። በጣት ግፊት ገብቶ፣ ወደ ጎን ስትነቀንቁት የማይንቀጫቀጭ ከሆነ ልኩ ነው።

ደረጃ 2፦ ክብደቱን ምረጡ

የሹል ክብደት የሚነገረው በግሬይን ነው። 1 ግሬይን 0.065 ግራም ገደማ ነው፤ 100 ግሬይን ማለት 6.5 ግራም። ከፊት 10 ግሬይን መጨመር ወይም መቀነስ ትንሽ ነገር ይመስላል። ነገር ግን ገመዱ ሲለቀቅ ዘንጉ ይለመጣል፤ ከፊት ያለው ሸክም በከበደ ቁጥር ልመጣው ይብሳል። በከባድ ሹል ዘንጉ እንደ ለስላሳ፣ በቀላል ሹል እንደ ጠንካራ ይሆናል። ስፓይን የሚባለው ቁጥር የሚለካው ይህንኑ መለመጥ ነው። በ28 ኢንች ርቀት ላይ በተቀመጡ ሁለት ድጋፎች መሃል 880 ግራም ሲንጠለጠልበት 0.5 ኢንች የሚጎብጥ ዘንግ ስፓይኑ 500 ይባላል። ቁጥሩ ሲያንስ ዘንጉ ጠንካራ ነው።

ስለዚህ «ጓደኛዬ 120 ይጠቀማል» ብላችሁ 120 አትግዙ። እንዲህ አድርጉ።

1. አሁን ያለውን ሹል መዝኑ። በኢንሰርት (ዘንጉ ውስጥ በሚለጠፍና ሹሉ በሚጠመዘዝበት ቁራጭ) የሚታሰር ከሆነ የኢንሰርቱንም ክብደት ደምሩ። 100 ግሬይን ሹልና 20 ግሬይን ኢንሰርት ማለት ለዘንጉ 120 ነው። ይህን የሚረሳው ሰው ብዛቱ!

2. ሚዛን የሚይዝበትን ነጥብ ፈልጉ። ያለቀለት ፍላጻ፣ ላባውም ኖኩም ሳይወልቅ፣ በቢላ ጀርባ ወይም በማስመሪያ ጠርዝ ላይ አጋድሙት። ሳይወድቅ የቆመበትን ቦታ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉ።

3. ከኖኩ ስንጥቅ ሥር እስከ ዘንጉ የፊት ጠርዝ ለኩ፤ የሹሉን ራስ አትቁጠሩ። 72 ሴንቲሜትር ሆነ እንበል፤ ግማሹ 36 ነው። ምልክታችሁ ከኖኩ 45 ሴንቲሜትር ላይ ካረፈ ልዩነቱ 9 ነው። 9 ሲካፈል ለ72፣ 12.5 በመቶ። የፊት ክብደት ድርሻ የሚባለው ይህ ነው።

4. ለካርቦን የዒላማ ፍላጻ ከ11 እስከ 16 በመቶ ጥሩ መነሻ ነው። ለአሉሚኒየም ከዚያ ዝቅ ይላል፤ 7 ወይም 9 አካባቢ ቢሆን አትደንግጡ። ረጅም ርቀትና ንፋስ ካለ ወደ ላይኛው ጫፍ ተጠጉ።

5. ወደ ቀላል ሹል የምትወርዱ ከሆነ የፍላጻው ጠቅላላ ክብደት አደጋ ውስጥ እንዳይገባ ተጠንቀቁ። ኮምፓውንድ ደጋን (ጫፎቹ ላይ መዘውር ያለው) ላይ በብዛት የሚነገረው ዝቅተኛ ልክ ለእያንዳንዱ የደጋኑ የመሳቢያ ኃይል ፓውንድ 5 ግሬይን ነው። የ50 ፓውንድ ደጋን ከ250 ግሬይን በታች የሆነ ፍላጻ አይወረውርም። ከዚያ በታች መውረድ ደጋኑን ባዶውን እንደመልቀቅ እየተጠጋ ይሄዳል፤ ዕቃ ይሰብራል፣ ሰውም ይጎዳል። የደጋናችሁ አምራች ከዚህ ከፍ ያለ ልክ ካወጣ የእሱን ያዙ።

ልኩን ካላወቃችሁ ከከባዱ ጀምሩ። ምክንያቱ ቀጥሎ አለ።

ደረጃ 3፦ ዓይነቱን ምረጡ

ቀጫጭን የካርቦን ዘንጎች ላይ የሚለጠፈው ሹል ብዙ ጊዜ እግሩ ላይ ቀጫጭን አንገቶች አሉት። እያንዳንዱን አንገት በፒንሳ ስትሰብሩ በተለምዶ 10 ግሬይን ይቀንሳል። 120-110-100 የሚል ጽሑፍ ካያችሁ ትርጉሙ ይኸው ነው። ሰብሮ መቀነስ ይቻላል፤ የተሰበረውን መመለስ ግን የለም። ከከባዱ ጀምሩ ያልኩት ለዚህ ነው።

በጥርስ የሚታሰረው ሹል ሌላ ነው። ዘንጉ ውስጥ ኢንሰርት ይለጠፋል፣ ሹሉ በላዩ ላይ ይጠመዘዛል። የተለመደው ጥርስ 8-32 ይባላል። ክብደት እየቀያየሩ ለመሞከር ከዚህ የሚቀል የለም። ጣጣው መላላቱ ነው። በየዙሩ በጣት ማጥበቅ ይፈልጋል፤ የሰነፈ ሰው ሹሉን ዒላማው ውስጥ ይተዋል።

ስለ ብረቱ ብዙ አትጨነቁ። ስቴንለስ ስቲል ለአብዛኛው ሰው ይበቃል። ቱንግስተን ከብረት በእጥፍ የሚበልጥ እምቅ ክብደት ስላለው ያንኑ ግሬይን በአጭር ቁራጭ ይሰጣችኋል። ዋጋው ግን ይቆረጥማል፤ ድንጋይ ሲመታም ከመጉበጥ ይልቅ ሊሰበር ይችላል። ፍላጻ ገና የምትስቱ ከሆነ ተዉት።

ደረጃ 4፦ ሙጫ

ለሚለጠፍ ሹል የምመርጠው በዝቅተኛ ሙቀት የሚቀልጠውን ሆት ሜልት ነው። ስትሳሳቱ ሙቀት ነክታችሁ ታወጡታላችሁ። በዱላ መልክ ይሸጣል፤ «ለካርቦን» ወይም «ዝቅተኛ ሙቀት» የሚል ይኑረው።

ባለ ሁለት ጠርሙስ ኢፖክሲ የበለጠ ይይዛል፣ ግን የማያዳግም ነው። እሱን ለማላላት የሚያስፈልገው ሙቀት ካርቦኑን አጣብቆ የያዘውንም ሬዚን ያበላሸዋል። ኢፖክሲን ለኢንሰርት አስቀምጡት፤ 24 ሰዓት ሳይሞላው አትወርውሩ። ሱፐር ግሉ ፈጣን ነው፣ ሲደርቅ ግን ድርቅ ያለ ስለሆነ ተደጋጋሚ ምት ይሰነጥቀዋል። እኔ ለሹል አልጠቀመውም።

ደረጃ 5፦ አሮጌውን አውጡ

1. ኖኩን ንቀሉ። ይህን አትዝለሉ። ውስጥ ያለው አየር ሲሞቅ ይለጠጣል፤ መውጫ ካጣ ሹሉን ፈንጥሮ ያወጣዋል። የዘንጉን አፍ ወደ ፊታችሁም ወደ ሰውም አታዙሩ።

2. ውሃ አፍሉና ከእሳት አውርዱ። ሹሉን ብቻ፣ ከዘንጉ 2 ሴንቲሜትር ያህል ብቻ እየነካ፣ ከግማሽ እስከ 1 ደቂቃ ንከሩት።

3. ሹሉን በፒንሳ ያዙ፣ ዘንጉን በጨርቅ ጨብጡ፣ እያዞራችሁ ቀጥታ ሳቡ። ወደ ጎን አትጠምዝዙት።

4. እምቢ ካለ አትታገሉ፣ መልሳችሁ ንከሩት። ውሃ ካቃተው የብረቱን ራስ ብቻ በእሳት አሙቁ፤ 3 ሰከንድ ነክቶ መሳብ፣ ካልሆነ እንደገና። እሳቱ ካርቦኑን በፍጹም አይንካ።

የተቃጠለ ነገር ከሸተታችሁ አቁሙ። ሲቀዘቅዝ የዘንጉን አፍ በሁለት ጣት ጫን በሉትና ጆሮ ስጡት። የሚንኳኳ ወይም የሚሰነጠቅ ድምፅ ካሰማ፣ ወይ የካርቦኑ ክር ብድግ ብድግ ካለ፣ ያ ዘንግ አለቀ። ለልምምድ ይሆናል አትበሉ። የተሰነጠቀ ካርቦን ሲለቀቅ ተሰባብሮ ክንድ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ሰብራችሁ ጣሉት፣ ሌላ ሰው አንስቶ እንዳይወረውረው።

ደረጃ 6፦ አጽዱ፣ መዝኑ

1. ጥጡን አልኮል ነክራችሁ ዘንጉ ውስጥ አዙሩ። ጥቁር ሆኖ ይወጣል። ጥጥ ቀይሩ። አራተኛው ወይም አምስተኛው ጥጥ ነጭ እንደገባ ነጭ እስኪወጣ ቀጥሉ። ከምንም በላይ ትዕግሥት የሚፈልገው እዚህ ነው፤ ሙጫው የሚይዘው ካርቦኑን ይሁን የካርቦን አቧራውን የምትወስኑት አሁን ነው።

2. ዘንጉን አሴቶን ውስጥ አትዘፍዝፉ። ላባና ኖክ ላይ ከደረሰ ፕላስቲኩን ያሟሟል።

3. የሹሉን እግር በብርጭቆ ወረቀት ቀለል አድርጋችሁ ሻካራ አድርጉት፣ ከዚያ በአልኮል ጥረጉት። አዲስ ሹል ከፋብሪካ በዘይት ተለቅልቆ ሊመጣ ይችላል። ከተጠረገ በኋላ በባዶ ጣት አትንኩት።

4. የሚሰበር አንገት ካለ አሁን ስበሩ። አንዱ ፒንሳ ከአንገቱ በላይ፣ ሌላው በታች፤ ወዲያና ወዲህ ሁለት ሦስት ጊዜ ስታጎብጡት ቀጭ ይላል። የቀረውን ስለታም ጠርዝ በሞረድ አስተካክሉ።

5. ሁሉንም መዝኑ፣ ክብደቱን ጻፉ። በከባዱና በቀላሉ መካከል ከ1 ግሬይን በላይ ልዩነት ካለ ቀላሉን ሹል ከከባዱ ዘንግ ጋር አጋቡ።

ደረጃ 7፦ ለጥፉ

መጀመሪያ ሦስት ብቻ ለጥፉ፤ ደርዘኑን በአንድ ቀን አትጨርሱ። ክብደቱ ልክ መሆኑን ያረጋገጣችሁት ገና በወረቀት ነው።

1. ኖኩ መነቀሉን እንደገና እዩ።

2. የሹሉን ራስ በፒንሳ ይዛችሁ ብረቱን አሙቁ። የሙጫውን ዱላ እግሩ ላይ ስትነኩት መቅለጥ ሲጀምር በቂ ነው። ሙጫው ከተንፈቀፈቀ ወይም ካጨሰ ሙቀቱ አልፏል፤ ቆዩለት።

3. እግሩን ዙሪያውን በሙጫ ቀቡ። ባዶ ቦታ አትተዉ።

4. አሁን መለኪያ አለ። የብረቱን ራስ በጣታችሁ ለአፍታ ንኩት። ጣት የማይችለውን ሙቀት ካርቦንም አይወደውም። እስኪቻል ጠብቁ፤ ሙጫው ከጠነከረ ለስለስ አድርጋችሁ መልሳችሁ አሙቁት።

5. ዘንጉ ውስጥ አስገቡ፤ እየገፋችሁ ሁለት ሦስት ዙር አዙሩት። ማዞሩ ሙጫውን በእኩል ያዳርሳል።

6. ጠርዝ ለጠርዝ ከተጋጠመ በኋላ ሹሉን ጠንካራ ነገር ላይ ቀጥ አድርጋችሁ ተጭናችሁ ለ10 ሰከንድ ያዙት።

7. ወደ ውጭ የፈሰሰው ሙጫ ሙሉ በሙሉ ሳይቀዘቅዝ በጥፍር ወይም በፕላስቲክ ላጡት። በምላጭ አትሞክሩ፤ ካርቦኑን ይጭራል።

ስለ ኖኩ ለምን እንደምጨቀጭቅ ልንገራችሁ። አንድ ማታ ስቸኩል ስድስት ፍላጻ ኖካቸው ሳይነቀል ለጠፍኩ። ሁሉም ቀጥ ብለው ገቡ፣ ጠረጴዛው ላይ አጋደምኳቸው። ዞር ብዬ ሳይ የመጀመሪያው ሹል ከዘንጉ ግማሽ ሚሊሜትር ወጥቷል። መልሼ ገፋሁት። እያየሁት፣ ማንም ሳይነካው፣ ቀስ ብሎ ተመልሶ ወጣ፤ እስትንፋስ ያለው ነገር ይመስላል። ውስጥ የታመቀው አየር ነበር የሚገፋው። ስድስቱንም አውጥቼ ከመጀመሪያው ጀመርኩ።

ደረጃ 8፦ ቀጥታነቱን ፈትሹ

ሲቀዘቅዝ ኖኩን መልሱ። ፍላጻውን በአውራ ጣትና በመሃል ጣት ጥፍር ላይ አስደግፋችሁ በሌላው እጅ አሽከርክሩት። ጥፍራችሁ ላይ የሚንቀጠቀጥ ነገር ከተሰማችሁ ወይም የሹሉ ጫፍ ክብ እየሠራ ከዞረ ተንጋዷል። ሹሉን ብቻ አሙቃችሁ ግማሽ ዙር አዙሩና እንደገና ሞክሩ። አሁንም ከዞረ ሌላ ሹል አስገቡ። ከሌላው ሹል ጋርም ያው ከሆነ ችግሩ የዘንጉ አፍ ነው፤ ሲቆረጥ ሰያፍ ሆኗል።

ደረጃ 9፦ ወርውሩና አስተካክሉ

ከሦስቱ አንዱ ላባ የሌለው ይሁን። ላባ አልባ ፍላጻ መንገዱን ሊስት ስለሚችል ከ5 ሜትር ጀምሩ፤ ከዒላማው ኋላና ጎን ሰው እንዳይኖር። ደህና ከሄደ ወደ 18 ሜትር አፈግፍጉ።

ቀኝ እጅ ወርዋሪ ከሆናችሁ፦ ላባ አልባው ከሌሎቹ በግራ ካረፈ ዘንጉ ጠንክሯል፤ ከባድ ሹል ይፈልጋል። በቀኝ ካረፈ ለስልሷል፤ አንድ አንገት ስበሩ። ግራ እጅ ለሆነ ተገላቢጦሽ ነው። አንድ ውርወራ አይበቃም፤ ቢያንስ አምስት ጊዜ ደጋግሙ። ኮምፓውንድ የምትይዙ ከሆነ ሹል ከመቀየራችሁ በፊት የፍላጻ ማረፊያውን አስተካክሉ።

ሹሉ ሲከብድ ፍላጻው ዝቅ ብሎ ስለሚያርፍ ማነጣጠሪያውን ወደ ታች ማውረድ ይኖርባችኋል። በ70 ሜትር ላይ ማነጣጠሪያው ወርዶ ወርዶ ፍላጻው የሚያልፍበት መንገድ ላይ ከደረሰ፣ ያ ክብደት ለእናንተ ደጋን አይሆንም። ሌሎቹን ዘጠኝ ሳትለጥፉ ይህን ማወቃችሁ ነው ትርፉ።

ሲበላሽ

*ሹሉ ዒላማው ውስጥ ቀረ፣ ሙጫው ብረቱ ላይ የለም።* ብረቱ ዘይት ነበረው ወይም ሲለጠፍ ቀዝቅዞ ነበር።

*ሙጫው ብረቱ ላይ አለ፣ ጥቁር ዱቄት ለብሷል።* ዘንጉ አልጸዳም። ወደ ጥጡ ተመለሱ።

*ሙጫው በሁለቱም ላይ አለ፣ ለስላሳ ሆኖ ተስቧል።* ሙቀት ነው። ፈጣን ደጋን ጥቅጥቅ ያለ ፎም ውስጥ ሲገባ ሰበቃው ብረቱን ያሞቀዋል፤ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ የዋለ ፍላጻም እንደዚሁ ነው። ከመሳባችሁ በፊት አንድ ደቂቃ ስጡት።

*በጥርስ የሚታሰረው ሹል ይላላል።* ጥርሱ ላይ ትንሽ የገመድ ሰም ቀቡ። ከዚህ በኋላም ከላላ የኢንሰርቱ ጥርስ ተበልቷል።

*ሁሉም ጥሩ ነው፣ ስትስቡ ብቻ ይነቀላል።* አሳሳባችሁ ነው። አንዱን መዳፍ ዒላማው ላይ፣ ሌላውን እጅ ዘንጉ ላይ ዒላማውን አስጠግታችሁ ያዙ። እያዞራችሁ ቀጥታ ሳቡ። ከኋላችሁ ሰው መኖሩን ሳታዩ ግን አትሳቡ፤ የኖኩ ጫፍ ዓይን ሲያገኝ ቀልድ የለውም።